የመዝገቡ ባለቤትና የቱሪዝም ሥራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቱሪዝም ሸቀጥ በመጋዘን የሚከማች አለመሆኑ የታወቀ ነው። ሳይያዝ ያደረ አልጋ፣ ባዶውን የበረረ መቀመጫ በማግስቱ አይሸጥም። ስለዚህም የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ ለገዢው በጊዜው ማስታወቅ ከሥራው ሁሉ ይቀድማል። ኮምፒዩተርም ወደዚህ ሙያ የገባው በዚሁ በር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት አሜሪካን ኤርላይንስ አንድ መቀመጫ በካርድና በእጅ ጽሑፍ ለመመዝገብ በአማካይ 90 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ከአይ ቢ ኤም ጋር የሠራው «ሴበር» የተባለው ሥርዓት በ1964 ተሟልቶ ሲሠራ፣ ጊዜው ወደ ሰከንዶች ወረደ። ከ1976 ጀምሮም መሣሪያው በጉዞ ወኪሎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ችግሩም የተፀነሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደንበኛ ፊቱ የተቀመጠበት ወኪል አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ይመርጣል እንጂ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻ አያነብም። ስለሆነም የመዝገቡ ባለቤት የሆነ አየር መንገድ የራሱን በረራ ከላይ፣ የተወዳዳሪውን ከታች ለማስፈር ቻለ። ነገሩ ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ የአሜሪካ ሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ በ1984 አድልዎውን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በ1987 ደግሞ ኤር ፍራንስ፣ ሉፍታንዛ፣ አይቤሪያና ኤስ ኤ ኤስ «አማዴውስ» የተባለውን የራሳቸውን መዝገብ አቋቋሙ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ዛሬም አላረጀም። ዝርዝሩ ከወኪሉ ጠረጴዛ ወደ ተጓዡ የእጅ ስልክ ተሸጋግሯል፤ ኢትዮጵያም በ2017 ቪዛን በኢንተርኔት መስጠት ጀምራለች። በላሊበላ ወይም በጎንደር ያለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ በዝርዝሩ ግርጌ ከሰፈረ፣ አልጋው ንጹሕ፣ መስተንግዶው ያማረ ቢሆንም ለሩቁ ተጓዥ እንደሌለ ይቆጠራል። ወደ ላይ ለመውጣት ሲል ኮሚሽን ቢጨምር ደግሞ ትርፉ ይሟጠጣል።

እንግዲህ መሣሪያውን መሸሽ አይበጅም፤ ሳይዘጋጁ መግባትም እንዲሁ። እያንዳንዱ ድርጅት የክፍሎቹን፣ የዋጋውንና የደንበኞቹን መዝገብ በራሱ እጅ ይያዝ። ውል ከመፈረሙ በፊት የዝርዝሩ ቅደም ተከተል በምን እንደሚወሰን ይጠይቅ። ባለ 10 ክፍል ማረፊያ ብቻውን ሊያስለውጠው በማይችለው የውል አንቀጽ ላይ፣ ማኅበሩ በአባላቱ ሁሉ ስም ለድርድር ሊቀርብ ይገባዋል። እንግዳን አክብሮ መቀበል የቆየ ሙያ ነው፤ እንግዳው ወደ ደጅ የሚደርስበትን መንገድ ማወቅና መጠበቅም ከእንግዲህ የሙያው ክፍል ሆኗል።