ዜሮ እና «አልቆጠርኩም»

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ፣ ሰንጋ ተራ በሚገኘው ግቢያችን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው የሒሳብ ሰው፣ የባንክ ሰው፣ የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ሰው ነው። እኔም ከዚሁ ግቢ የወጣሁት በአካውንቲንግ ነው። ዛሬ የምሠራው ግን ኮምፒውተር ሲበራ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ገና ሳይነሣ፣ ከሥር በሚሠራው ፕሮግራም ላይ ነው። ፈርምዌር ይባላል። «ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳው?» ስል ቆየሁና፣ የነገሩን ፍሬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይኸው ግቢ መሆኑ ትዝ አለኝ።

አንደኛ ዓመት ላይ ነው። የዕቃ ቆጠራ መልመጃ ተሰጥቶን አንድ ጓደኛችን ቁጥሩን ባላገኘው መስመር ላይ 0 ጽፎ አስረከበ። መምህራችን ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩንና፣ «ዜሮ ቁጥር ነው። ቆጥረህ ምንም ካላገኘህ ዜሮ ትጽፋለህ። ካልቆጠርክ ግን አልቆጠርኩም በል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ይህን ቃል በደንብ የተማርኩት ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በሰው ድካም ነው።

እስቲ መጀመሪያ ፈርምዌር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዙሪያችን ያሉትን የባንክ ሕንፃዎች ታውቋቸዋላችሁ። ጠዋት ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ዘበኛው በሩን ይከፍታል፣ መብራቱን ያበራል፣ ሁሉም ነገር በቦታው መሆኑን አይቶ ቁልፉን ለኃላፊው ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ቢሮው የእሱ አይደለም። ፈርምዌርም እንደዚያ ነው። ማሽኑን ያነቃል፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን ያያል፣ ከዚያ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስረክቦ ዘወር ይላል። ዛሬ በአብዛኛው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፈርምዌር ዩኢኤፍአይ የሚባለውን ደንብ ይከተላል። ኢንቴል በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኢታኒየም ለሚባሉት ማሽኖች የጀመረው ሥራ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች በአባልነት ያሉበት ፎረም ይዞታል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። መብራት እየሄደ በመጣ ቁጥር ዲስክ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ገና ከፈርምዌሩ ላይ ሆና ዲስኩን እንድትመረምርና ስንት የተበላሸ ቦታ እንዳገኘች እንድትጽፍ ነበር። ፕሮግራሟ ስትሠራ ከሥሯ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሌለ፣ ዲስክ ማንበቢያውንም፣ መቁጠሪያውንም፣ ስክሪን ላይ መጻፊያውንም አንድ በአንድ በእጄ ነው የሠራሁት። በዚያ መሐል አንድ ነገር አበላሸሁ። ዲስኩን ማንበብ ጭራሽ ሲያቅታት፣ ማንበቢያዋ 0 ይዛ ትመለሳለች። መቁጠሪያዋም ያንን 0 ተቀብላ «የተበላሸ ቦታ፦ 0» ብላ ትጽፋለች።

አንድ ጠዋት የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ደወሉልኝ። «ዜሮ ይላል ልጄ፣ ደኅና ነው ማለት ነው?» «አዎ እትዬ፣ ደኅና ነው፣ ይሥሩበት» አልኳቸው። በማግሥቱ ዲስኩ ሞተ። ያልተገለበጠው የሁለት ቀን ሥራ አብሮ ሄደ። ስደርስ እትዬና ሁለት ልጆች የቫውቸር እስር ከፊታቸው ከምረው እንደ አዲስ እያስገቡ ነበር፤ ሁለት ሌሊት ፈጀባቸው። አልተቆጡኝም። ሻይ አስቀዱልኝና «ዜሮ ነው አላልከኝም?» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው አንድ ጥያቄ ይዞኝ የቀረው። ለመሆኑ በዚያ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለምን ሁሉንም ነገር በእጁ ይጽፋል?

የፕሮግራም ቋንቋ ብቻውን ሰዋስው ነው። ሥራ የሚያሠራው አብሮት የሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ ነው። እንደ ቢሮ ፎርም ቁጠሩት። ፋይል መክፈቻ፣ ሰዓት መጠየቂያ፣ ስክሪን ላይ መጻፊያ፣ ሁሉም ታትሞ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንተ መሙላት ብቻ ነው። ችግሩ፣ እነዚህ ፎርሞች የተዘጋጁት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባል ቢሮ ኃላፊ አለ ተብሎ ነው። ዘበኛው ብቻ ባለበት ሰዓት ፎርሙን ማን ይቀበልሃል?

ራስት የሚባል ቋንቋ አለ። «ርስት» አላልኩም፣ ራስት ነው። የመጀመሪያው የጸና እትሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ይህ ቋንቋ ላይብረሪውን በሦስት ደርብ ከፍሎታል። የታችኛው ከሥሩ ማንንም አይፈልግም፤ መደመር፣ ማወዳደር፣ ማስላት ነው። መካከለኛው ሚሞሪ የሚሰጠው ይፈልጋል። የላይኛው፣ ሙሉው ላይብረሪ፣ ፋይልና ሰዓት፣ ኔትወርክና ስክሪን የሚያውቀው ነው። ፈርምዌር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በታችኞቹ ሁለት ደርቦች ብቻ ሲሠሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጎግል ሰመር ኦቭ ኮድ በሚባለው ፕሮግራም፣ ቲያኖኮር በሚባል የክፍት ፈርምዌር ማኅበረሰብ ሥር፣ አንድ ተማሪ የላይኛውን ደርብ ለዩኢኤፍአይ መሥራት ጀመረ። በጃንዩወሪ 2023 በወጣው 1.67 እትም የዩኢኤፍአይ ዒላማዎች ተዘጋጅተው በቀላሉ የሚወርዱ ሆኑ፤ በዚያው ዓመትም የላይብረሪው የመጀመሪያ ክፍል ወደ ቋንቋው ገባ። ልብ በሉ፣ ተማሪ ነው የጀመረው።

ታዲያ የላይኛው ደርብ ሲገባ ሁሉ ነገር አብሮ ሊገባ አይችልም። ፈርምዌር ላይ ትሬድ፣ ማለትም ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ማስኬጃ፣ የለም። ፋይልና ኔትወርክም መጀመሪያ ላይ አልተሠሩም ነበር። ላይብረሪው ለእነዚህ ምን ይመልስ? እዚህ ላይ ነው መምህራችን ትዝ ያሉኝ። ላይብረሪው ዜሮ አይመልስም። ባዶ ፋይልም ፈጥሮ አይሰጥህም። «ይህ እዚህ አይደገፍም» የሚል ራሱን የቻለ የስሕተት ዓይነት አለው፤ እሱን ይመልሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ውጤትና ስሕተት በአንድ ቁጥር ተደባልቀው አይመጡም። መልሱ በፖስታ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ወይ ውጤቱ አለበት ወይ ስሕተቱ። ፖስታውን ሳትከፍት ቁጥሩን መውሰድ አትችልም። የእኔ ፕሮግራም በዚህ ቢጻፍ ኖሮ፣ ያልተነበበው ዲስክ መቁጠሪያው ጋ 0 ሆኖ ለመድረስ መጀመሪያ እኔ ራሴ ዜሮ ብዬ በእጄ መጻፍ ነበረብኝ።

ተቃዋሚዎችም አሉ፤ ነገራቸው ውኃ ይቋጥራል። «ግማሹ የማይሠራ ላይብረሪ ለምን ሙሉ ተብሎ ይሰጣል? ፕሮግራሙ ያለምንም ችግር ይጠናቀርና፣ አይደገፍም የሚለውን የምትሰማው ሥራ ላይ ስታውለው ነው» ይላሉ። ለሒሳብ ሰው ሲነገር፣ በጀት ሲጸድቅ ያልታየ ጉድለት ክፍያ ላይ ተገኘ ማለት ነው። እውነት ነው፤ ቀድሞ መታወቁ ይሻል ነበር። ግን ለሌላው ሁሉ የተጻፈ የሰው ሥራ ፈርምዌር ላይም እንዲያገለግል የከፈሉት ዋጋ ይኸው ነው። እኔ በበኩሌ ዘግይቶ የሚመጣን «የለም» በጊዜ ከመጣ የውሸት ዜሮ አስበልጣለሁ።

ርክክቡም አስቸጋሪ ነው። ፈርምዌሩ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲያስረክብ፣ ሚሞሪ ሰጪውም ስክሪን ጻፊውም በአንዴ ይጠፋሉ። ዘበኛው ቁልፉን ካስረከበ በኋላ «በሩን ክፈትልኝ» ብትለው ምን ያደርግልሃል? ስለዚህ ላይብረሪው ርክክቡ መደረጉን የሚነግረው ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን ስትጠይቀው «የለም» ይልሃል።

ሰዓቱን ደግሞ ስሙልኝ። ዊንዶውስ በማሽኑ ሰዓት ላይ የአካባቢውን ሰዓት ያስቀምጣል፤ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ የግሪንዊቹን። የዩኢኤፍአይ ሰዓት ከጎኑ የሰዓት ቀጠና መያዣ አለው፤ ካልታወቀ 2047 ተብሎ ይሞላል፣ «አልተገለጸም» ለማለት። ይህ ቁጥር ዜሮ አለመሆኑ ራሱ ደስ ይላል፤ ዜሮ ቢሆን ግሪንዊች ማለት ነበር። የዩኢኤፍአይ ደንብ፣ ካልተገለጸ የአካባቢው ሰዓት ነው ይላል። ላይብረሪው ግን አካባቢው የት እንደሆነ ማወቂያ ስለሌለው እንደ ግሪንዊች ይወስደዋል። እንግዲህ ቀጠናው ያልተሞላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የቆመ የአዲስ አበባ ማሽን፣ በላይብረሪው ስሌት 6 ሰዓት ላይ ደርሷል ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ። የገቢ መዝገብ የምታዘጋጁ ሰዎች ሦስት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እኔ አሁን ቀጠናው ካልተገለጸ ፕሮግራሜ ሰዓት አይጽፍም፤ «ቀጠና አልተሞላም» ብሎ ይጽፋል።

የመጨረሻው ነገር የፊደላችን ጉዳይ ነው። እዚህ ጽሕፈት የተማራችሁ ሰዎች የአማርኛ ታይፕራይተር እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ቀደምት ሰዎች ፊደላችንን ከዚያች ጠባብ መኪና ጋር ለማስማማት ብዙ ደክመዋል። ኮምፒውተር ላይ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። የዩኢኤፍአይ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይሰጣል፤ የእኛም ፊደል በዚያ ልክ ይገባል። ስለዚህ በራስት «ሰላም» ብዬ ጻፍኩና ማሽኑን አስነሣሁ።

ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ስሕተትም የለም።

ምክንያቱን ስፈልግ፣ ፈርምዌሩ የያዘው ፊደል ቅርጽ የላቲኑን ብቻ ነው። የማያውቀውን ፊደል ይዘለውና «አንዳንድ ፊደል ማሳየት አልቻልኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመልሳል። ማስጠንቀቂያ ደግሞ በደንቡ ስሕተት አይደለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ «ተጽፏል» ብሎ ያልፋል። ዕቃው ሳይገባ የተፈረመ የዕቃ መረከቢያ በሉት። ይህን ሳይ እትዬ ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት። የዚያን ቀን ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ያነበቡልኝ ያቺን አንዲት 0 ብቻ ነው። «ዲስኩ አልተነበበም» ብዬ በአማርኛ ብጽፍ እንኳ አይታይም ነበር ማለት ነው።

ግን መፍትሔ አለው። ደንቡ አዲስ የፊደል ቅርጽ ለፈርምዌሩ ማስመዝገብ ይፈቅዳል። ሰፊው ቅርጽ ወርዱ 16፣ ቁመቱ 19 ነጥብ ነው፤ ሥዕሉ ብቻ 38 ባይት ይይዛል። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231፤ በ38 ስታባዙት 8,778 ባይት። ሌሎቹን እነ ቋና ኳን ብንጨምርም በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ከማኅበራችን የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። የምፈልገው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል፣ ፕሮግራም መማር የሚፈልጉ ጥቂት ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ደግሞ እጁ የፊደል መልክ የሚያውቅ ሰው ነው። «ጸ»ን በ19 ነጥብ ቁመት ውስጥ አሳምሮ መሣል ከእኔ ዓይነቱ ሰው አይጠበቅም። ሲያልቅ ማንም እንዲወስደው በነፃ እንሰጠዋለን። ማስጠንቀቂያውን ላይብረሪው እንዲያሳውቅ የሚጠይቅ ማሻሻያም አብረን አዘጋጅተን እንልካለን። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም፤ ግን ያኛውንም ሥራ የጀመረው ተማሪ ነው ብያችኋለሁ።

መመዝገቢያ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስማችሁንና የትኛው ቅዳሜ እንደሚመቻችሁ ጻፉ። የማይመቻችሁ ደግሞ «አይመቸኝም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶውን አትተዉት።