አጭር ማርሽ ለማዝዳ

እሷ፦ የድሮ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ያለው ሰው ማርሽ መቀየሪያውን አጠር ባለ ሊለውጥ ያምረዋል። ምን ትላለህ?

እሱ፦ የማዝዳው? እሱ እኮ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ጀምሮ በአጭር ማርሹ የተወደሰ ነው!

እሷ፦ ይሁና! እጅን ነቅነቅ፣ ሦስተኛ ገባ።

እሱ፦ በአጭሩ መቀየሪያ ከመዞሪያው በታች ያለው ዘንግ ስለሚረዝም፣ ላይ እጅሽ ትንሽ ይሄዳል። ግን ይከብዳል።

እሷ፦ ጠንከር ሲል ነው ደስ የሚለው።

እሱ፦ በጠዋት ብርድ፣ የካምቢዮው ዘይት ሳይሞቅ፣ ሁለተኛን ስታስገቢ እንነጋገራለን!

እሷ፦ (ሳቅ) ፍጥነትስ?

እሱ፦ እጅሽ ይፈጥናል እንጂ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሲንክሮናይዘር ያው ነው። ካጣደፍሽው ይበላል።

እሷ፦ ታዲያ ምን ያድርግ?

እሱ፦ መጀመሪያ ከዘንጉ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ቡሽ ይይ። ሲያረጅ ማርሹ ይላላል፤ ርካሽ ነው።

እሷ፦ ቡሹን እስማማለሁ። እኔ ብሆን ግን አጭሩንም አስገጥም ነበር።