ሸምቀቆ ከማጥመዳችን በፊት የሞተውን ግልገል እንመርምር
(በደጋ አካባቢ ለሚገኙ ሞዴል አርሶ አደሮች በሥልጠና ላይ የቀረበ ገለጻ)



በደጋው ግልገል በሞተ ቁጥር ቀድሞ የሚከሰሰው ቀበሮ ነው። ከዚያም ጥንብ ለማባበያ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን የሽቦ ሸምቀቆ ይጠመዳል፣ አንዳንዴም መርዝ ይጨመራል። ግልገል ለእናንተ የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ደብተር ስለሆነ ንዴቱ ይገባናል። ሆኖም ገዳዩ ሳይታወቅ የተጠመደ ወጥመድ የቀሩትን ግልገሎች አያድንም።

ሸምቀቆ አይመርጥም። ጥንብ ከሩቅ ጅብንና የመንደር ውሻን ወደ በረታችን ይጠራል። መርዝ ደግሞ የሞተውን የበላውን ጥንብ አንሳ ጭምር ይገድላል። በጓሳ መንዝና በሰሜን ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ የግጦሻችን ባለውለታ ነው። በተጨማሪም የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ በድኑን እንደሚከተለው መርምሩ፦

1. እንስሳው በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትንኩት፣ ቆዳውንም አትግፈፉ፤ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።
2. ይህ ምልክት ከሌለ እጃችሁን በጓንት ሸፍናችሁ ንክሻው ያለበትን ቆዳ ግፈፉ። ከሥሩ የረጋ ደም ከታየ ግልገሉ በሕይወት ሳለ ተነክሷል። የረጋ ደም ከሌለ ግን የሞተው አስቀድሞ በብርድ፣ በወተት ማጣት ወይም በሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ አውሬው የበላው ከሞተ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ወጥመድ ሳይሆን ሕክምና ነው።
3. የንክሻውን ቦታ አስተውሉ። ቀበሮ ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ ይይዛል። ውሻ የኋላ እግርን፣ ጎንንና ጆሮን ያለ ሥርዓት ይቦጫጭቃል። ጅብ አጥንት ሰብሮ ጥቂት ብቻ ያስቀራል።

ጥቃቱ የአውሬ ወይም የውሻ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚከተሉትን ፈጽሙ፦

• የምትወልድ በግ ከቤት አጠገብ ትዋል፤ ጨቅላ ግልገልም ሩቅ ግጦሽ አይውጣ።
• የሌሊት በረት በከፍተኛ የድንጋይ ካብ ይታጠር፤ ከላዩም እሾህ ይደርደርበት።
• ጉም በወረደ ቀን መንጋው አይበተን፤ ጥበቃውም ለሕፃን ብቻ አይተው። ጎረቤታሞች በተራ ጠብቁ።
• በድንና የእንግዴ ልጅ ሜዳ ላይ አይጣል፤ ከውሃ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።
• ውሾች በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዱ፤ ሌሊትም አይለቀቁ። ይህ በሽታ ሰውንም ቀይ ቀበሮንም ይጨርሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጎረቤቶቻችሁ የሚከተሉት የእናንተን በረት አይተው ነው። ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ በየመስኩ ያሉ ሸምቀቆዎችን ከልማት ቡድናችሁ ጋር አንሱ፤ ግልገል ሲሞትም ምርመራውን በተግባር አሳዩአቸው።