ጠመንጃ ያዥ ላይ አልሄድ ያለው ሲቲ ስካን

 ስለ ሙያሽ ተናገሪ ስባል ብዙ አሰብኩ፤ የመጣልኝ ግን ኮምፒውተር ላይ ያየሁት አንድ ቀይ ጽሑፍ ነው።

ጠመንጃ ያዥ አካባቢ በምሠራበት ትንሽ ክሊኒክ፣ ታካሚዎች ሌላ ቦታ የተነሱትን ሲቲ ስካን በሲዲ ይዘው ይመጣሉ። እኛ ከክሊኒኩ ድረ ገጽ ወደ ክላውድ እንልከዋለን፤ ራዲዮሎጂስት ጓደኛችን ካለበት ሆኖ ያነበዋል። አንድ ማታ ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ አባት መጡ። ፋይሉ አልሄድ አለ። «ክሮስ ኦሪጅን» የሚል ስህተት። መብራት አለ፣ ኢንተርኔትም አለ (ሁለቱ አብረው የተገኙበት ማታ!)።

«በቃ ክፈተው!» አልኩት የአይቲውን ልጅ። ማከማቻውን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ስህተቱ ንቅንቅ አላለም። ያንኑ ፋይል ከብራውዘር ውጭ በትእዛዝ ሲልከው ግን ወዲያው ገባ። ምስሉ ተነበበ፣ አባትየው በዚያው ሌሊት ሪፈር ተጻፈላቸው። ማከማቻውን መዝጋት ረሳን።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ብራውዘር ከኔትስኬፕ ዘመን፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከአንድ አድራሻ የመጣ ገጽ የሌላውን አድራሻ ነገር እንዲያነብ ዝም ብሎ አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ፋይል ከመላኩ በፊት «ኦፕሽንስ» በሚባል ጥያቄ ማከማቻውን ያስፈቅዳል፦ ከዚህ አድራሻ፣ በ«ፑት»፣ ልላክ? መልሱ ላይ ስማችን ከሌለ ያስቀረዋል። ዘበኛው ያለው እኛው ብራውዘር ውስጥ ነው፤ በትእዛዝ ሲላክ ዘበኛ የለም። ማከማቻውን ለሕዝብ መክፈት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ።

የእኛ በሽታ አንድ ፊደል ነበረች። ገጻችን ወደ «ኤችቲቲፒኤስ» ተዛውሯል፤ የተፈቀዱት ዝርዝር ላይ ያለው ግን የድሮው «ኤችቲቲፒ» ነው። ለብራውዘር ሁለቱ የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። አስተካከልነው፣ እንደገና እምቢ አለ፤ «ኮንተንት ታይፕ» የሚለው ራስጌም መፈቀድ ነበረበት። ከዚያ ሄደ። ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የመላኪያ ፈቃዱ ጊዜ ሲያልፍበትም ብራውዘሩ ይህንኑ ስም ሊሰጠው ይችላል። ቀዩን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፤ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ማከማቻው ምን እንደመለሰ እዩ። ትኩሳት አይታችሁ ወባ አትበሉ ያላችሁን እናንተው አይደላችሁ?

ዛሬ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። በዚያ ሌሊት ግን የታካሚዎቻችን ምስል እስከ ጠዋት ክፍት አደረ፤ ማን እንዳየ የሚመዘግበውንም አላበራነውም ነበር። ለእያንዳንዳቸው ደውዬ ነገርኳቸው። አባትየው ተሽሏቸው ነበር። «ታዲያ ያዩት ሰዎች ጭንቅላቴ ውስጥ ምን አገኙ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።