ዋስትናን የሚነፍገው ማን ነው? ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) በደባርቅ የቀረበ ንግግር



የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቀጥሎም በሕግ በተመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትናን ላለመቀበል ወይም በገደብ ለመፍታት እንደሚችል ያክላል። ታዲያ ሕግ አውጪው አንድን የወንጀል ዓይነት በጅምላ ዋስትና የማያሰጥ ሊያደርገው ይችላልን?

ጥያቄው በ1993 ዓ.ም. በተግባር ተፈትኗል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ፖሊስ ግን ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ምክር ቤቱም ብዙ ሳይቆይ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 434/1997 በበኩሉ ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ወሰነው።

የክልከላው ደጋፊዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ «በሕግ» ብሏል። ባለሥልጣን ሲከሰስ ሰነዱ ያለው በገዛ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ምስክሮቹም የትናንት የበታቾቹ ናቸው። ምርጫ የሌለው ዳኛ ደግሞ በጉቦም በማስፈራሪያም አይታጠፍም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63ም ቢሆን የቅጣቱን ክብደት መመዘኛ አድርጎ ነበር።

እኔ ግን ከተቃራኒው ወገን ነኝ። በንኡስ አንቀጹ ውስጥ የመንፈግ ሥልጣን የተሰጠው ለፍርድ ቤት ነው። ክልከላው በጅምላ ከሆነ ዳኛው የክሱን አንቀጽ ከማንበብ በቀር ሥራ አይኖረውም፤ አንቀጹን የመረጠው ዐቃቤ ሕግ እስሩንም መረጠ ማለት ነው። ተጠርጣሪው ይሸሻል ወይም ምስክር ያባብላል የሚለው ሥጋት እንደሆነ በአንቀጽ 67 አስቀድሞ ለዳኛው ሚዛን ተትቷል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በነፍስ ግድያ የተከሰሰ እንኳ አስገዳጅ ምክንያት ካልቀረበበት በዋስ ይለቀቃል።

በእኛ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ነገሩ የሚከብደው በሙስና ሳይሆን በደም ነው። በወሰን ጠብ ሰው ሲሞት ተጠርጣሪው ሽማግሌ ሳይገባ ቢለቀቅ የሟች ወገን ይጠብቀዋል። አንቀጽ 67 ይህን ሥጋት በስሙ አይጠራውም። ለገዛ ደኅንነቱ ተብሎ ሰውን ማሰር ደግሞ (ስንቱ በዚህ ሰበብ ሊታሰር እንደሚችል አስቡት) የሚያስፈራ በር ነው። ንኡስ አንቀጽ 6 ግን «በገደብ መፍታት» የሚል ሦስተኛ መንገድ አለው፤ የጃናሞራው ተጠርጣሪ እርቁ እስኪያልቅ ዳባት ካለ ዘመዱ ዘንድ እንዲቀመጥና በቀጠሮው እንዲቀርብ ማዘዝ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በየመዝገቡ ሁኔታ የሚሰጠው ዳኛ ነው፤ የጅምላ ክልከላ የሚወስድበትም ይህንኑ ሥልጣን ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።