ዐለቱና ማሩ፦ ላሊበላ እንደ ጠጅ አገር ከተማ



በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ሴንት ኤሚሊዮን የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በመካከሏ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐለት የተፈለፈለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ዙሪያዋን የከበባት ደግሞ የወይን እርሻ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመዘግባት ቤተ ክርስቲያኑን ነጥሎ አልወሰደም፤ እርሻውን፣ መንደሮቹንና የወይን ጠመቃውን ልማድ አንድ የባህል መልክዐ ምድር አድርጎ አብሮ መዘገባቸው። የእኛዋ ላሊበላ የተመዘገበችው ከዚያ 21 ዓመት ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። መዝገቡ የያዘው 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። «የባህል መልክዐ ምድር» የሚለው ምድብ በቅርስ ስምምነቱ አሠራር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 በመሆኑ፣ በጊዜው ሌላ ምርጫ ነበረ ለማለት አያስደፍርም። ዛሬ ግን ጥያቄውን ማንሳት ይቻላል፦ ዐለቱን ከመዘገብን በኋላ በዙሪያው ያለውን ሕይወት የት አስቀመጥነው?

«ላስታ የወይን አገር አይደለም፤ ንጽጽሩ አይሠራም» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ላሊበላ ሁለት ዓይነት ወይን የምታውቅ ከተማ ናት እላለሁ። የመጀመሪያው የቅዳሴው ወይን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ይህ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ሲሆን፣ ኅብስቱም ወይኑም የሚሰናዱበት ቤት ቤተልሔም ይባላል። እርሱ የመሥዋዕት ነውና ከገበያ ወሬ ውጭ እናቆየዋለን። ሁለተኛው የማር ወይን፣ ማለትም ጠጅ ነው። የዛሬው ንግግሬ በእርሱ ላይ ያተኩራል።

ማርና ላስታ በስም ሳይቀር የተሳሰሩ ናቸው። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደከበቡትና እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ ስሙን እንዳወጣችለት ትውፊቱ ይናገራል። ወደ ሰቆጣ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኘው በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸውም ፈውስ እንዳለው ምእመናን ያምናሉ። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ደጋው በአበባ ሲሸፈን ቀፎው ይሞላል፤ የላስታ ነጭ ማርም ከአካባቢው አልፎ ስመ ጥር ነው።

ይህ ማር ወደ ጠጅ የሚለወጥበት መንገድ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ጋኑ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበረዛል፤ መጠኑ እንደ ጣዩዋ ልማድ ቢለያይም አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ የተለመደ ነው። ከቀናት በኋላ የጌሾ እንጨት ይገባል። ለጠላ የጌሾው ቅጠል ሲመረጥ፣ ለጠጅ እንጨቱ የሚመረጥበትን ምክንያት አንዲት ልምድ ያላት ጠጅ ጣይ ከጣዕሙና ከቀለሙ ተነሥታ ታስረዳችኋለች። እርሾ ከውጭ አይጨመርም። በአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች የተካሄዱ የማይክሮባዮሎጂ ጥናቶች እንዳሳዩት ጠጁን የሚያፈሉት ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚመጡ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ የአንድ አገር ጠጅ የዚያን አገር አበባና ዕቃ ይዞ ይወጣል። ፈረንሳዮች ስለ ወይናቸውና ስለ አፈሩ የሚናገሩት ቁም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዕውቀቱ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ነው። ጠጅ በቀድሞው ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ነበር፤ ገበሬው ማሩን በግብር ይሰጥ ነበር እንጂ ጠጁን እንደ ልቡ አይጠጣም ነበር። ዛሬ በብርሌ ተቀድቶ፣ አዝማሪ መሰንቆውን እየገዘገዘ፣ ማንም ገብቶ ይጠጣዋል። ቅዳሜ ገበያ ውሎ ወደ ቀበሌው የሚመለሰው ገበሬ፣ የከተማው ወጣትና የውጭ አገር እንግዳ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ቢኖር ጠጅ ቤት ነው።

አሁን የተለመደውን የጉብኝት መርሐ ግብር አስቡት። እንግዳው ጧት ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን፣ ከሰዓት ቤተ አማኑኤልንና ቤተ ጊዮርጊስን ያያል። ጊዜ ካለው በማግስቱ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወይም ወደ አሸተን ማርያም ይወጣል። ለገና የመጣ ከሆነ በቤተ ማርያም፣ በማሜ ጋራ ላይ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉ ይሰማል። ይህ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ የሚያርፈው በሆቴል፣ በመኪና፣ በአስጎብኚና በመግቢያ ክፍያ ላይ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ቀፎ የሰቀለው ገበሬ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

የዚህ አደረጃጀት ድካም ያለፉት ዓመታት ገልጠውታል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። አውሮፕላኑ ሲቀር ሆቴሉ ተዘጋ፣ አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቀውም ተቸገረ። ጠጅ ቤቱም ቢሆን አልተረፈም። ሆኖም ማር ሳይበላሽ ለዓመታት ይቆያል፤ ገዢውም እንግዳ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን፣ ከምርቱም ትልቁ ድርሻ የሚውለው ለጠጅ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ አደጋ አለ። ማር ሲወደድ ስኳር ወደ ጋኑ ይገባል። ስኳር የበዛበት ጠጅ ለዐይን ጠጅ ይመስላል፤ ከላስታ አበባ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሐሰተኛው ከእውነተኛው በዋጋም በስምም ካልተለየ፣ ደህናውን የምትጥለው ሴት ከገበያ ትወጣለች፤ ንብ አናቢውም ይከተላታል።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ተማሪዎች ሦስት ሥራዎችን አመለክታለሁ። የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች የላስታን ማርና ጠጅ መለያ ጠባይ በቤተ ሙከራ አረጋግጡ፤ የአካባቢ ስም ጥበቃ ያለ ማስረጃ አይገኝም። የሥነ ልሳንና የታሪክ ተማሪዎች የጠጅ ጣዮችን ቃላትና አሠራር ባለቤቶቹን ጠይቃችሁ መዝግቡ። የቱሪዝም ተማሪዎች ደግሞ እንግዳው ከቤተ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ቀፎውን የሚያይበትን፣ ክፍያውም በቀጥታ ለአናቢው የሚደርስበትን መስመር ቀይሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን የደብሩ ክብርና የጠጅ ቤቱ ጨዋታ ድንበራቸው ይጠበቅ። ላሊበሎች ይህን ድንበር ከእኛ በተሻለ ያውቁታልና እነርሱን መጠየቅ ይቀድማል።

ሰላም ሲመለስ እንግዳው መመለሱ አይቀርም። የሚመለስበት መርሐ ግብር የቀድሞው ብቻ ከሆነ፣ ቀጣዩ ችግር ሲመጣ ከተማዋ ከዚያው ድካም ጋር ትገናኛለች። ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ጥናት ደግሞ የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድርሻ ነው።