ለውሃ የመጣ ገንዘብ ምን ላይ ይዋል?

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ለውሃ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለንጽህና የሚመጣ የዕርዳታ ገንዘብ እንዴት ቢከፋፈል ጤናችንን እንደሚጠብቅ እንነጋገራለን። «ገንዘቡን የሚመድቡት ሌሎች ናቸው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። ገንዘቡ ያለ ቦታው ሲውል በተቅማጥ የሚታመመው የእኛው ልጅ ነው።

ጅቡቲ ዝናብ ጥቂት፣ የጉድጓድ ውሃዋም ጨው የሚበዛበት አገር ናት። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ፣ ከሐዳጋላ፣ ውሃ የሚያመጣ መስመር ተመረቀ። በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የባሕር ውሃ ጨው ማስወገጃ ተከፈተ። እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ውሃውን ወደ ከተማው ያደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ንጹሑ ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን ሲቀዳ፣ ባልታጠበ እጅ ሲጠለቅ ይበከላል። መጸዳጃ ቤት ሲሞላ ዝንብ ቆሻሻውን ወደ ምግብ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በከተማዋ እንደደረሰው ያለ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የመጸዳጃው ፍሳሽ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል።

«ስፌር» የተባለው ዓለም አቀፍ የዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ይላል። ለ1,000 ሰው ስናሰላው በቀን 15,000 ሊትር፣ 4 ቧንቧና 50 መጸዳጃ ቤት ይሆናል። ገንዘቡ በሙሉ ለቧንቧ ቢውል ሰዎች ሜዳ ላይ መጸዳዳታቸውን አይተዉም፤ በሽታውም ከቦታው አይነቃነቅም።

እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ የዕርዳታ ገንዘብ በብዙ አገሮች ስለቀነሰ ምርጫው ይበልጥ ከባድ ሆኗል። ገንዘብ ሲያንስ የእኛ ምክር ይህ ነው።

አንደኛ፣ ያለው ቧንቧ ይጠገን፤ ክሎሪንም አይቋረጥ። የተሰበረ አሮጌ ቧንቧ ማስጠገን አዲስ ከመትከል ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሁለተኛ፣ የሞላ መጸዳጃ ቤት ይመጠጥ፤ ወይም ሌላ ይቆፈር። ሴቶችና ልጆች በሌሊት ሳይፈሩ እንዲጠቀሙበት በር፣ መቀርቀሪያና መብራት ይኑረው።

ሦስተኛ፣ ሳሙናና ክዳን ያለው የውሃ ዕቃ ለየቤተሰቡ ይድረስ።

አዲስ ግንባታ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ሲመጣም ለነገ መለዋወጫና ለጠጋኙ ደመወዝ የሚሆን ድርሻ አስቀድሞ ይለይለት።

የውሃ ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። «ስንት ገንዘብ መጣ? ለምን ለምን ተከፋፈለ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከኮሚቴው አባላት ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፤ የወረፋውን ርዝመትና የጀሪካኑን ክብደት የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ጀሪካኑን አጥበን እንቅዳ፤ ከድነን እናስቀምጥ። ከመጸዳጃ ቤት ስንመለስና ምግብ ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠን እየሰጠን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።